ተቆርጦ የወጣ እባጭ ሳይመረመር አይጣል

ከመንዝ እስከ አንኮበር ባለው የሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ዕድሜውን በእርሻና በእግር መንገድ የገፋ ሰው፣ ውስጥ እግሩ ላይ ቀላ ያለ፣ ሲነካም የሚደማ እባጭ ሲወጣበት፣ ብዙ ጊዜ ኪንታሮት ነው ይባልና በፈረስ ጭራ ይታሰራል ወይም በጋለ ብረት ይተኮሳል። ሐኪም ዘንድ የደረሰውም ቢሆን፣ እባጩ ከወጣለት በኋላ ሥጋው ሳይመረመር የሚጣልበት ጊዜ አለ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ሁለተኛው ነው፤ ከሚጣለው ሥጋ ጋር የበሽታው ማንነት አብሮ ይጣላልና።

ይህን የምለው በተለይ የላብ ዕጢን ባሕርይ ስለሚይዙት፣ እምብዛም ስለማያጋጥሙት የቆዳ እባጮች ነው። በሰው ቆዳ ውስጥ ሰውነትን የሚያቀዘቅዝ ላብ የሚያመነጩ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱ ኤክሪን ዕጢዎች አሉ። እነዚህ በጽንሱ 4ኛ ወር ገደማ ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ወደ ውስጥ እየበቀሉ የሚወርዱ ሲሆን፣ ቀድመው የሚታዩትም በመዳፍና በውስጥ እግር ነው። በብብትና በብልት አካባቢ በብዛት የሚገኙት አፖክሪን የተባሉት ሌሎች የላብ ዕጢዎች ግን ከፀጉር ሥር ጋር አብረው ይፈጠራሉ፤ ቱቧቸውም የሚከፈተው ወደዚያው ነው።

ሐኪሞች ለረጅም ዘመን እባጮቹን በዚህ ክፍፍል መሠረት ሰይመዋል። የቆዳ ሐኪሙ ኸርማን ፒንከስና ባልደረቦቹ በ1956 እ.ኤ.አ. ፖሮማ የተባለውን እባጭ ሲገልጹ፣ ሕዋሳቱ የላብ ቱቦው በላይኛው ቆዳ ውስጥ የሚያልፍበትን ክፍል ስለሚመስሉ የኤክሪን ወገን አደረጉት። በኋላ ግን የአፖክሪን፣ የቅባት ዕጢና የፀጉር ሥር መልክ ያላቸው ፖሮማዎች ተገኙ። በመንዝ ተወልዶ በይፋት ያደገ ሰው አነጋገሩ የይፋትን ቢመስል፣ ከአነጋገሩ ተነስተን የትውልድ ቦታውን ብንወስን እንደምንሳሳት ሁሉ፣ ሕዋስም በማይክሮስኮፕ የሚያሳየን የያዘውን መልክ እንጂ የተነሳበትን ቦታ አይደለም። ራስ ቅል ላይ የሚወጣው ሲሊንድሮማም እንዲሁ የላብ ዕጢ እባጭ ሲባል ቆይቶ፣ ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች መነሻው በፀጉር ሥር ያሉ ግንደ ሕዋሳት (ሌሎች ሕዋሳት የሚወለዱባቸው መነሻ ሕዋሳት) ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። በቤተሰብ የሚወረሰውን ዓይነት የሚያስከትለው በ16ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ ዘረመል በ2000 እ.ኤ.አ. ተለይቷል፤ ስለዚህ ራሱ ላይ ብዙ እባጭ ያለበት ሰው ወላጆቹም እንዲህ ያለ ነገር እንደነበረባቸው ሊጠየቅ ይገባል።

መነሻውን በእርግጠኝነት ማወቅ ባይቻልም፣ ሕዋሱ የያዘውን መልክ መለየት ሕክምናውን ይወስናል። ፖሮማ ጉዳት የማያደርስ ሆኖ በቀላል ቀዶ ሕክምና ሲድን፣ ካንሰር የሆነው አቻው ፖሮካርሲኖማ ወደ ንፍፊትና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሊሰራጭ ይችላል፤ ሁለቱንም በዓይን ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው። ከዚህም የከፋ ስህተት አለ። ወደ ቆዳ የተሰራጨ የጡት ካንሰር የላብ ዕጢ ካንሰርን በጣም ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱም ጡት ራሱ ከላብ ዕጢ ጋር የተዛመደ አካል ነው። እዚህ ላይ ፒ63 የተባለውን ፕሮቲን የመሳሰሉ የሕዋስ ምልክቶችን በልዩ ቀለም መፈለግ ይረዳል፤ ምልክቱ ከቆዳው በተነሳው ካንሰር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሲገኝ ከጡት በመጣው ላይ በአብዛኛው አይገኝም። አንዲት እናት ጡቷ ሳይታይ የቆዳ እባጭ ብቻ ወጥቶላት ወደ ቤቷ እንድትመለስ ማድረግ ከባድ ጥፋት ነው።

የፓቶሎጂ ባለሙያ፣ ማለትም ሥጋውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም፣ እና ልዩ ቀለም በየወረዳው ይኑር ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ምርመራ በትልልቅ ማዕከላት መሰብሰቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሥጋው መጓዝ ይችላል፤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚያስፈልገው ሰፊ አፍ ያለው ክዳናም ዕቃና ከናሙናው መጠን 10 እጥፍ የሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን፣ ማለትም ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፈሳሽ ነው። የዞኑ ጤና ኃላፊዎች ፎርማሊኑን ለጤና ጣቢያዎች ቢያቀርቡ፣ ናሙና የሚያደርስና ውጤት የሚያመጣ ቋሚ መስመር ቢዘረጉ፣ ክፍያውንም ከታማሚው ላይ ቢያነሱ ትልቁ እንቅፋት ይወገዳል። የሚልከው ሐኪምም በወረቀቱ ላይ እባጩ የወጣበትን ቦታ፣ የቆየበትን ጊዜ፣ ቀድሞ ተተኩሶ እንደሆነና ታማሚዋ ጡቷ ላይ እባጭ ኖሯት የሚያውቅ መሆኑን ይጻፍ፤ መርማሪው ያለ እነዚህ መረጃዎች ከሁለት ተመሳሳይ ካንሰሮች አንዱን ለመምረጥ ይቸገራል።