እሰይ፣ ቀላን!

ዛሬ ምስጋና ላቀርብ ነው። ለማን? ያቺን ስም የሌላትን ቆዳ የሚያቀላ ቅባት ብልቃጥ ጓዳ ውስጥ ቀላቅለው ለሚሸጡልን የኮስሞቲክስ ቤት ሊቃውንት። ኬሚስትሪ ተምረው ይሆን? ኧረ ምን በወጣቸው! ከአንዱ ቱቦ ጨመቅ፣ ከሌላው ጨመቅ፣ ሎሽን ጠብ አድርጎ በማንኪያ ማማሰል ነው፣ አለቀ።

ውስጡ ምን አለ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። አንዳንዴ ክሎቤታሶል ነው፣ ሐኪም ለከባድ የቆዳ ሕመም ለጥቂት ሳምንት ብቻ የሚያዘው፣ ሲቆይ ቆዳን እንደ ሲጋራ ወረቀት የሚያሳሳው። አንዳንዴ ሃይድሮኪኖን፣ የቆዳን ቀለም የሚያደበዝዝ ኬሚካል። ዕድል ከቀናሽ ደግሞ ሜርኩሪ፣ መርዛማው ብረት! አገሮች ሜርኩሪን ለመግታት የተፈራረሙት የሚናማታ ስምምነት ከመዋቢያ ይውጣ ብሏል አሉ። እኛ ስምምነት አናውቅም። እኛ የምናውቀው «ውይ፣ ቀላሽ! ምን ተቀባሽ?» የምትለዋን አክስታችንን ነው።

ደግሞ ድፍረታችን! ጥቁር ቆዳ ውስጥ ያለው ሜላኒን የተፈጥሮ ጃንጥላ ነው፤ አጥኚዎች ለክተው ወደ 13 የሚጠጋ የፀሐይ መከላከያ ቁጥር ሰጥተውታል። በነፃ፣ ላብ የማያጥበው። እሱን በገዛ ብራችን ፍቀን አዲስ አበባ ላይ በስድስት ሰዓት ታክሲ ሰልፍ እንቆማለን። ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አልትራቫዮሌቱ፣ ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር፣ ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የ13 ወር ጸጋ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ።

እዚያው መደርደሪያ ላይ ሰንስክሪንም፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬሙም፣ አለ። እሱ ግን «ውድ ነው፣ የፈረንጅ ነው»። አውስትራሊያ ውስጥ ናምቡር በምትባል ከተማ፣ ከ1992 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. በ1,600 ሰዎች ላይ ሲሞከር፣ በየቀኑ ተቀቡ የተባሉት ዘንድ ስኩዌመስ የሚባለው የቆዳ ካንሰር በ40 በመቶ ገደማ ቀንሷል። «እነሱ ነጮች ናቸዋ!» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኛ ገና መንገድ ላይ ነን። ዳካር ያሉት ግን ሳይቀድሙን አልቀሩም፤ ለዓመታት ሲያቀሉ በኖሩ ሴቶች ላይ ያንኑ ካንሰር የሴኔጋል ሐኪሞች አግኝተዋል። (አልቢኒዝም ያለባቸው፣ ሲወለዱ ጀምሮ የሜላኒን ጃንጥላው የጎደላቸው ወገኖቻችን ያንን «ውድ» ክሬም ቢያጡ ምን እንደሚሆኑ ማሰብ ደስታችንን ስለሚያደፈርስ እንለፈው።)

ባለፈው ሰሞን ለእህቴ ማድያት የሚሆን ነገር ልጠይቅ አንዱ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቋ ፊቷ እንደ ብርቱካን ቀልቷል፣ ጉንጯ ላይ ቀያይ ክሮች የመሰሉ የደም ሥሮች ይታያሉ። ብልቃጧን ስታቀብለኝ ግን የጣቶቿ አንጓዎች ጥቁር ናቸው፣ አሻፈረን ብለው ቀርተዋል። ማፍጠጤን አየችና ሳቅ ብላ፣

«እሱን አትይ የኔ ቆንጆ፣ ለጣት ለብቻው የሚቀባ አለኝ» አለችኝ።