ድልድይ በአስር ዶላር

ሥራ የፈታን ሰው ዘመድ ሁሉ ይሸሸዋል። ሥራ የፈታ የባቡር ድልድይም ዕጣው ያው ነው። ባቡሩ በሚመላለስበት ዘመን ሁሉም ይፈልገዋል። ባቡሩ የቀረ ዕለት ግን "ይኼ ነገር የማን ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ አንድም እጁን የሚያወጣ የለም። የባቡር ድርጅቱ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ይጠቁማል። ማዘጋጃ ቤቱ ወደ ባቡር ድርጅቱ ይጠቁማል። ከሥሩ የሚኖረው ሰውዬ ደግሞ "የማን ይሆን?" ብሎ ሲያንጋጥጥ ዝገት ዓይኑ ውስጥ ይገባበታል።

"መናፈሻ ይሁን" የተባለ ቀን ግን ጉድ ታያላችሁ። ባለቤቱ አገር ይሞላል።

(ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማወራው። በኋላ ሰባት ስምንት ዓመት ጎደለ ብላችሁ እንዳትፈልጉኝ።)

በ1984 ኮንሬል የሚባለው የአሜሪካ ባቡር ድርጅት ሁለት ድልድዮችን ሸጠ። አንደኛው ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በሕንጻዎች መሀል የሚሄድ ሐዲድ ነው። ዛሬ ሃይ ላይን ይሉታል። ዋጋው አስር ዶላር። ሌላኛው ፖኪፕሲ በምትባል ከተማ የሃድሰንን ወንዝ የሚሻገር ነው። በ1889 የተከፈተ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ከውሃው 65 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ግዙፍ ብረት። በ1974 እሳት ተነሳበትና ባቡር ቀረበት። የእሱ ዋጋ ደግሞ አንድ ዶላር።

"ምነው ያኔ በነበርኩ!" እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ብያለሁ። ግን ረጋ በሉ። ሻጩ ሞኝ አይደለም። ትልቅ ድልድይ ማፍረስ ሚሊዮኖች ይበላል። አለማፍረስም ዕዳ ነው። ብሎን ወልቆ የሰው አናት ላይ ቢወድቅ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። ወንዝ ላይ ከሆነማ መርከብ እንዳይጋጨው ሌሊት ሌሊት መብራት ማብራትም አለ። ስለዚህ አንድ ዶላሩ የድልድዩ ዋጋ አይደለም። "እባክህ ውሰድልኝ" የሚለው ቃል በገንዘብ ሲጻፍ ነው።

የአስር ዶላሩን ድልድይ የገዛው ፒተር ኦብሌትዝ የሚባል የባቡር ፍቅር ያናወዘው ሰው ነበር። መልሶ ባቡር ሊያስኬድበት ነበር ሐሳቡ። እስከዚያ ድረስ ያልታዩት ባለጉዳዮች በአንድ ጀምበር ብቅ አሉ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀና ሽያጩ ፈረሰ። ለጠበቃ ያወጣው ብር ግን አስር ዶላር እንዳልነበረ ማንም ይገምታል።

የዚህ ሐዲድ ታሪክ ራሱ ወግ ነው። መጀመሪያ ላይ የዕቃ ባቡሩ የሚሄደው መሬት ለመሬት፣ አስረኛው ጎዳና ላይ፣ ከእግረኛውና ከጋሪው ጋር እየተጋፋ ነበር። ሰው ስለጨረሰ መንገዱ "የሞት ጎዳና" የሚል ስም ወጣለት። መፍትሔ ተብሎ ምን እንደተደረገ ታውቃላችሁ? ከባቡሩ ፊት ፊት አንድ ፈረሰኛ ቀይ ባንዲራ እያውለበለበ "ዞር በሉ!" እንዲል ተቀጠረ። በእንፋሎት የሚሄደውን ጉድ ፈረስ ይመራው ጀመር። ኋላ ነገሩ አላዛልቅ ሲል ሐዲዱን ወደ ላይ አነሱትና በ1934 ተከፈተ። ባቡሩ እየሄደ ፋብሪካዎች ሆድ ውስጥ ይገባና ወተቱን፣ ሥጋውን አራግፎ ይወጣ ነበር። ከዚያ የጭነት መኪና መጣና ገበያውን ቀማው። በ1980 የመጨረሻው ባቡር አለፈ። የጫነው ሦስት ፉርጎ በበረዶ የደረቀ ቱርኪ፣ ማለትም ያ ትልቁ የፈረንጅ ዶሮ ነው። ስንት ዘመን አገልግሎ ሽኝቱ በዶሮ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ማንም ወደ ላይ አላየም። ነፋስና ወፍ ብቻ አልረሱትም። ዘር አመጡ። ሐዲዱ መሀል ሣር በቀለ፣ አበባ በቀለ፣ ዛፍም ሞከረ። ውሃ አጠጣለሁ ያለ የለም፣ ኮሚቴ የለም፣ በጀት የለም። ምናልባት ያማረውም ለዚህ ይሆናል።

በ1999 የሰፈሩ ሰዎች ስለዚህ ድልድይ ስብሰባ ተጠሩ። ሮበርት ሃመንድና ጆሹዋ ዴቪድ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በአጋጣሚ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አይተዋወቁም። ሌላው "ይፍረስ" ሲል እነሱ "ይቆይ" የሚሉ ሆኑ። የሰፈር ስብሰባ ላይ አጠገባችሁ ማን እንደሚቀመጥ ተጠንቀቁ። አስር ዓመት ሊያሠራችሁ ይችላል።

እዚያ ስብሰባ ላይ አልነበርኩም። ግን ምን እንደተባለ ለማወቅ መኖር አያስፈልገኝም። ተሰብሳቢ የትም አገር አንድ ነው። አንዱ ተነስቶ "እኔ እንኳን ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ" ይልና ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። ሁለተኛው "ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሜ እንዳሉት" ብሎ ወንድሙ በሕልማቸውም ያላሉትን ያወራል። ሦስተኛው "ማታ ማታ ማን ይጠብቀዋል?" ይላል። ድልድዩ ሃያ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ጠባቂ አልነበረውም፣ አሁን ነው ያሳሰበው። አራተኛው ስለ መኪና ማቆሚያ ይጠይቃል። አየር ላይ ስለተንጠለጠለ የእግር መንገድ ነው የምናወራው።

ዋናው ጸብ ግን ስም ላይ ነው። ቆሻሻውን ማን ያነሳል የሚለው በሁለት ደቂቃ ያልፋል። ማን ተብሎ ይጠራ የሚለው እስከ ማታ ይወስዳል። አንዲት እናት ስም ይዘው ይነሳሉ።

"እማማ፣ ድልድዩ እኮ ገና አልተሰጠንም" ይላል ሰብሳቢው ላብ በላብ ሆኖ።

"ይሁን ልጄ። ልጅም ሳይወለድ ስም ይታሰብለታል።"

"እሱስ ልክ ነዎት…"

"ታዲያ ጻፋ!"

ይጻፋል። ንዑስ ኮሚቴም ይቋቋማል።

ወደ ኒውዮርኩ ልመለስ። በ2001 መጨረሻ ከንቲባው ጁሊያኒ ሥልጣናቸውን ሊያስረክቡ ቀናት ሲቀሯቸው ድልድዩ እንዲፈርስ ፈረሙ። ሰው ቤት ሲለቅ መብራት ያጠፋል፣ እሳቸው ድልድይ ሊያጠፉ ነበር። ነገሩ በሙግት ተይዞ ሳለ በ2003 "ሐሳብ ያለው ያምጣ" የሚል ውድድር ወጣ። ከ36 አገሮች 720 ሐሳብ መጣ። አንዷ ከጫፍ እስከ ጫፍ የመዋኛ ገንዳ ይሁን አለች። ሌላው እንደ መዝናኛ ቦታ እየተገለባበጠ የሚሮጥ ባቡር ይገጠምበት አለ። ባለቤት ያጣው ብረት በአንድ ጊዜ 720 አሳቢ አገኘ።

ከድልድዩ ሥር መሬት ያላቸው ሰዎች ግን ሐሳባቸው አንድ ነበር፦ ይፍረስ። ፎቅ መሥራት ይፈልጋሉ፣ አናታቸው ላይ ብረት ተቀምጧል። በመጨረሻ እንዴት እንደተስማሙ ስሰማ ቆቤን አንስቻለሁ። በ2005 ከተማዋ ደንቡን አሻሽላ "እዚህ ወደ ላይ የመገንባት መብታችሁን ራቅ ላለ ባለመሬት መሸጥ ትችላላችሁ" አለቻቸው። አየር ሸጡ ማለት ነው። አየሩ ሲሸጥ ድልድዩ ቆንጆ ሆኖ ታያቸው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። ወደ አረሙ። ሁሉም ሰው ልቡ የተነካው በዚያ ራሱን በዘራው ሣርና አበባ ነው አይደል? ሥራው ሲጀመር መጀመሪያ የሄደው እሱ ነው። ግድ ነበር። የድልድይ ጠላቱ ክብደት አይደለም፣ ባቡር የተሸከመ ትከሻ እኛን አይቆጥረንም። ጠላቱ ውሃ ነው። ስለዚህ እስከ ኮንክሪቱ ድረስ ተገፈፈ። እርሳስ ያለበት የድሮ ቀለም ተፋቀ፣ ውሃ የማያስገባ ንጣፍ ተነጠፈ፣ ማፋሰሻ ተሠራ። ሐዲዱን ቁጥር እየሰጡ አወረዱትና ብዙውን ወደነበረበት መለሱት፣ ባቡር እንደማይመጣ እያወቁ። ከዚያ ፒት ኡዶልፍ የሚባል እውቅ የሆላንድ አትክልተኛ መጣ። ሥራው ምን መሰላችሁ? ማንም ያልተከለው የሚመስል አትክልት መትከል። በነፃ የበቀለውን አረም ነቅለው፣ አረም የሚመስል አበባ በገንዘብ ተከሉ። ባለሙያ የሚባለው ይኼኔ ነው። ሌላ አትክልተኛ ቢልኩበት በግማሽ ቀን አርሞ ይጨርስላቸው ነበር።

የመጀመሪያው ክፍል በሰኔ 2009 ተከፈተ። የፖኪፕሲው የአንድ ዶላር ድልድይም በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የእግረኛ መንገድ ሆነ። ምርቃት ላይ ደግሞ አንድ የማይሻር ሕግ አለ፤ "ይፍረስ" ሲል የነበረው ሰው ፎቶው ላይ ከፊት ነው።

ለፍትሕ ያህል፣ ፓሪሶች ቀድመዋል። በ1969 ባቡር የቀረበትን ድልድይ በ1993 ዛፍ ተክለው ከፈቱት፣ ከሥሩ ያሉትን ቅስቶችም ለእጅ ባለሙያዎች ሱቅ አደረጓቸው። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን መስኮቱ በድልድዩ ልክ የሆነው ጎረቤት ነው። ሃያ አራት ዓመት ያለ ሐሳብ ልብሱን ሲቀይር ኖሮ አንድ ጠዋት መጋረጃውን ቢገልጥ ሕዝብ ያልፋል። መጀመሪያ ወፍራም መጋረጃ ይገዛል። ቀጥሎ መስኮቱ ላይ አበባ ያስቀምጣል፣ ለነገሩ ሰው ያየዋል። ቤቱን የሚያከራይ ከሆነ በሦስተኛው ወር ማስታወቂያው ላይ "መናፈሻ የሚያይ" ብሎ ይጨምራል። ኒውዮርክ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ድልድዩ ላይ እንደ ፈረሰኛ የተፈናጠጠ የመስታወት ሆቴል አለ። መናፈሻው በተከፈተበት ዓመት አንዳንድ እንግዶች፣ ረስተው ይሁን አውቀው፣ ራቁታቸውን መስኮት ላይ እየቆሙ ጋዜጣ ላይ ወጡ።

"መናፈሻ የሚያይ" ያልኩት ቃል ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። በሃይ ላይን ዙሪያ ኪራዩ ሰማይ ነካ። ሃመንድ ራሱ በ2017 ጥፋቱን ተናዟል። ነዋሪውን "ዲዛይኑ ምን ይምሰል?" ብለን ከምንጠይቅ "ምን እናድርግላችሁ?" ማለት ነበረብን አለ። በአጠገቡ የቀበሌ ቤት የመሰሉ የመንግሥት ቤቶች አሉ። ከእነሱ ይልቅ ፎቶ የሚያነሳው ቱሪስት በዝቶ ነበርና።

አንድ ቀን እኔም ከጓደኛዬ ጋር ሄድኩ። አስረኛውን ጎዳና ስትሻገሩ ድልድዩ ወለሉ ተቆርጦ ወደ ታች እንደ ስታዲየም ደረጃ ተሠርቶለታል። ከፊት ትልልቅ መስታወት አለ። ፊልም የሚታይ መስሎን ቦታ ያዝን። የሚታየው መንገዱ ነው። ያ የሞት ጎዳና። መኪና ይመጣል፣ መኪና ይሄዳል። ሕዝቡ ቁጭ ብሎ ያያል።

"አንተ፣ ይኼ ሁሉ ሰው የሚያየው ትራፊክ ነው እንዴ?" አለ ጓደኛዬ።

"ነው።"

"እኔ በየቀኑ ተቀርቅሬበት የምራገመውን?"

ቀይ መብራት በራ። ታክሲዎቹ ቆሙ። አንዱ ሾፌር አንገቱን በመስኮት አወጣና ወደ ላይ አየን። እኛም አየነው። አረንጓዴ ሲበራ ከኋላው ያለው ጥሩንባውን ለቀቀበት።

"እብዶች ናቸው" አለ ጓደኛዬ። ግን አልተነሳም። ቀጥሎ የሚበራውን ቀይ ይጠብቅ ነበር። ጫማውን ፈታ አደረገ፣ ጃኬቱን አውልቆ አጠገቡ ዘረጋ።

አንዲት ሴትዮ ልጅ አዝላ መጣችና ጃኬቱን እያየች ጠየቀችው። "ይኼ ቦታ የማን ነው?"

"የእኔ ነው" አለ።