ዘና ይበሉ ጋሼ

ባለፈው እሁድ፣ እዚህ ቨርጂኒያ፣ ጎልፍ መለማመጃ ሜዳ ላይ ቆሜ ኳስ ስመታ፣ ማለቴ ልመታ ስታገል፣ አንድ የማላውቀው የአገሬ ልጅ ከኋላዬ መጣና «ጋሼ፣ ዘና ይበሉ» አለኝ። ዕድሜዬ 48 ነው። ጋሼነቱን ራሱ ገና ተደራድሬ አልጨረስኩም፤ በላዩ ላይ ዘና በል የሚል ትእዛዝ ተደረበበት።

ጎልፍ ተጫዋች ነኝ ብዬ እንዳልታማ እንዴት እዚያ እንደተገኘሁ ልናገር። ሐኪሜ «ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጠህ መዋል አይሆንም፣ ተንቀሳቀስ» አለኝ። ልጄ ይህን ሰምታ ለአባቶች ቀን አንድ ባልዲ ኳስ ገዛችልኝ። የያዝኩት ዱላ ስሙ ድራይቨር ነው። እኔም እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ድራይቨር ነኝ፤ ሞክሼ ስለሆንን አንጣላም ብዬ ነበር። ኳሷ ደግሞ ችካሏ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። አትሮጥ፣ አትናከስ። እንዲያም ሆኖ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ሳትኳት። ያገኘኋቸውም ቢሆኑ እንደ ደነገጠች ዶሮ ሳሩን እየጫሩ ጥቂት ሄደው ቆሙ። በሳትኩ ቁጥር ዱላውን አጥብቄ ያዝኩ፣ ጥርሴን ነከስኩ፣ ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ ሰቀልኩ። ልጁ የደረሰው ይሄኔ ነው።

ክንዱ የእኔን ጭን ያክላል። ይህ ሁሉ ጡንቻ ተሸክሞ ነው እንግዲህ ጉልበት አያስፈልግም የሚለኝ። «ዱላውን አንቀውታል እኮ! የወፍ ጫጩት እንደያዙ አድርገው ነው መያዝ» አለ። ምክሩ የእሱ አይደለም፤ ሳም ስኒድ የሚባለው የጥንት አሜሪካዊ ጎልፈኛ ብሎታል እየተባለ ስንት ዘመን ሲዞር የኖረ ነው። ስኒድ የእኛን ሰፈር አያውቅም። እኛ ዘንድ ወፍ የሚገኘው በወንጭፍ ነበር፤ ከተገኘ በኋላ ስለ አያያዙ የሚጨነቅ አልነበረም።

የሚያናድደው ልጁ አለመሳሳቱ ነው። ክንድን የሚያጥፍ ጡንቻ አለ፣ የሚዘረጋ ጡንቻ አለ። ሰው ሲጨመድድ ሁለቱም አብረው ይነሱና አንዱ ሲጎትት ሌላው ይይዘዋል። በሾፌር ቋንቋ ፍሬን ረግጦ ነዳጅ መስጠት ማለት ነው፤ ጭስ በሽ ነው፣ መንገድ ግን የለም። ደህና መቺ ግን ከእግሩ ይነሳል፤ እግር ለወገብ፣ ወገብ ለደረት፣ ደረት ለክንድ፣ ክንድ ለእጅ አንጓ እያቀበለ፣ ያቀበለው እየዘገየ፣ ፍጥነቱ ሁሉ መጨረሻ ላይ ዱላው ጫፍ ላይ ይጠራቀማል። የታላላቆቹ ዱላ ኳሷ ጋ ሲደርስ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ከላይ ወርዶ እስኪነካት ሩብ ሰከንድ ያህል ነው፤ 46 ግራም የማትሞላዋን ኳስ የሚነካት ደግሞ ለሰከንድ ግማሽ ሺኛ ብቻ። በዚህ መሃል ምክር የሚገባበት ቀዳዳ እንኳ የለም።

ነገሩ ጅራፍ ነው። እጀታው ወፍራም፣ ጫፉ ቀጭን፤ እጅ ቀስ ብሎ የሰጠውን ገመዱ እያፋጠነ ወስዶ ጫፉን ከድምፅ ፍጥነት ያሳልፈዋል። ያ «ጧ!» የሚለው ጩኸት እሱ ነው። እኔ ደግሞ «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የሚለውን ተረት ከተረት ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። የመኪናዬን በር እንደ ጠላት በር ወርውሮ ዘግቶ ሲያበቃ «ሾፌሩ ፊቱ አይፈታም» ብሎ አንድ ኮከብ የሚሰጠኝን ተሳፋሪ ሳስብ ከዚህ የተሻለ አባባል አላገኝም። የቤት ኪራይ ጨምሮ ሲያበቃ ኑሮ ተወደደ ብሎ የሚያማርርልኝም አለ። ጅራፉ ግን በተረቱ ተበድሏል። ቡሄ ሲደርስ ሰፈር ለሰፈር የሚጮኸው ጅራፍ አየር እንጂ ማንንም ገርፎ አልነበረም።

ቡሄን ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ቂም አለኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። አጎቴ ሁለት ማታ ቁጭ ብሎ ከቃጫ የገመደልኝ ጅራፍ ነበረኝ፤ በሰፈሩ እንደሱ ያለ አልነበረም። አንገቴ እስኪገተር ስወነጭፈው የታጠበ አንሶላ ሲራገፍ የሚሰማውን ድምፅ ያሰማል፤ ከዚያ አያልፍም። ከእኔ በሁለት ዓመት የሚያንስ፣ ሸንበቆ የመሰለ የጎረቤት ልጅ «እስቲ አምጣው» ብሎ ተቀበለኝና እጁን እንደ ሰነፍ ከፍ አድርጎ መለሰው። ጧ! ውሾች ከየአጥሩ ተነሱ። «እጅህን ልቀቀው፣ አትጨምድደው» አለኝ፤ ያኔም ምክር ነበር። ከዚያ «ነገ አመጣልሃለሁ» ብሎ ይዞት ሄደ። ነገ አልመጣም። እነሆ 36 ነሐሴ 13 አለፈ። ሰውዬው ዳላስ ገብቶ ሁለት ቤት ገዝቷል ይሉኛል። ይግዛ። ጅራፌን ግን አልመለሰም።

ዘና በል የሚሉኝ ሰዎች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ዘና እንዳልል የሚያደርገኝን ነገር በእጃቸው ይዘው ነው የሚሉኝ። አከራዬ የጭማሪውን ደብዳቤ ይዞ «አይዞህ፣ አትጨናነቅ» አለኝ። ትራፊኩ ቅጣቱን እየጻፈ ተረጋጋ አለኝ። ከአገር ቤት ደግሞ ስልክ ይደወላል፤ ሌሊት ሠርቼ ገና ጎኔን ሳሳርፍ ነው። «አንተማ ምን አለብህ፣ እዚያ ዘና ብለህ…» ይልና ንግግሩ ሳያልቅ የብሩ መጠን ይከተላል። ይህን የሚለኝ ሰው የእኔን ጫማ ቁጥር ያውቃል፣ የምገባበትንና የምወጣበትን ሰዓት ግን አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። በዚህ አልቀልድም።

እስቲ ኃይሌ ገብረሥላሴን ተመልከቱት። አሰላ አካባቢ ልጅ ሆኖ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ሲመላለስ ደብተሩን በግራ እጁ ይይዝ ስለነበር፣ ዓለም ካወቀው በኋላም ያ ክንድ ደብተር የታቀፈ ይመስል እንደታጠፈ ቀረ። በዚያው ክንድ ሲድኒ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀደመው። አንድ ጡንቻም መካሪ አስቀድሞ አግኝቶት «ኃይልዬ፣ ግራ ክንድህን ዘና» ቢለው ኖሮ ያቺ ዘጠኝ መቶኛ የት ትገባ ነበር?

ይህንን ለልጁ አልነገርኩትም። የነገርኩት ስለ ጎልፈኛው ብራይሰን ዴሻምቦ ነው። ሰውዬው 18 ኪሎ ገደማ ሥጋና ጡንቻ ጨምሮ እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካን ኦፕን የሚባለውን የጎልፍ ውድድር በስድስት ምት ልዩነት በላ። «ታዲያ ጉልበት አይጠቅምም ያለው ማነው?» አልኩት። ልጁ ፈገግ አለና ሮሪ ማኪልሮይ የሚባለውን የሰሜን አየርላንድ ጎልፈኛ አመጣብኝ፤ ቁመቱ 175 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከግዙፎቹ አስበልጦ የሚያርቀውን። እኔም 175 ነኝ። ቁመቱ ከደረሰኝ የቀረው የት ቀረ? «ዴሻምቦም ቢሆን ጡንቻው ዘና ብሎ ነው ጋሼ» ሲል ክርክሩን ዘጋው። ጡንቻም ሲያሸንፍ ዘና፣ ቀጭንም ሲያሸንፍ ዘና፤ እንዲህ ያለው ሰው ጋ ዳኛም አይበቃም።

ደግሞ ይህ ትውልድ ራሱ ዘና ማለት መቼ ያውቅበታል? ባለፈው ሠርግ ላይ እንደሱ ደረታቸውን የነፉ ልጆች እስክስታ ሊወርዱ ሲነሱ ቁም ሳጥን ደረጃ የሚያወርዱ ሰዎች መሰሉኝ። ትከሻቸው ብቻውን መሄድ አቅቶት ወገብ፣ አንገት፣ አንዳንዱ ቅንድቡም ሳይቀር ያግዘው ነበር። አክስቴን ቢያዩአት! ቡና ስትወቅጥ ዘነዘናውን ብድግ ታደርግና ትለቀዋለች፤ የሚወቅጠው የራሱ ክብደት ነው። ዘነዘና የሚለው ቃል መጨረሻው ዘና መሆኑን ያስተዋልኩት ዘንድሮ ነው። አንድ ሙቀጫ እስኪደቅ የሦስት ቤት ወሬ ትጨርሳለች፣ ምቷን አትስትም፣ ማንንም ዘና በል ብላ አታውቅም። እኔ ሞክሬ ቡናው ግማሹ ወለል ላይ ተረፈ።

ወደ ሜዳው ልመለስ፤ ባልዲው ውስጥ ሁለት ኳስ ቀርታለች። አንዷን ችካሏ ላይ አስቀመጥኩ። ስለ ዳላሱ ሰውዬ እያብሰለሰልኩ ነበር፤ ብደውልለት ከየት ነው የምጀምረው? «ስለ ጅራፉ ነበር» ልበል? እጄ በዚያ መሃል ምን እንደሠራ አላየሁም። የሰማሁት «ጧ» የሚል ድምፅ ነው። ቀና ስል ኳሷ ትንሽ ነጭ ነጥብ ሆና 150 የሚለውን ሰሌዳ ተሻግራ ትወርዳለች።

ዞር አልኩ። ልጁ የለም። መኪና ማቆሚያው ጋ ጀርባውን ሰጥቶኝ ስልክ ያወራል፤ ነፃ እጁን እያወናጨፈ ነው፣ ሌላ ሰው እየመከረ መሆን አለበት። የመጨረሻዋን ኳስ አስቀመጥኩና ዱላውን በሁለት እጄ አንቄ፣ ስልኩን ጨርሶ እስኪመለስ ጠበቅኩት።