ኮቱም አለ፣ ሰውየውም አለ

ባለፈው ጃንዋሪ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ የኤንቢኤን፣ ማለትም የአሜሪካንን ትልቁን የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ጨዋታ ላሳየው ዋሽንግተን መሀል ከተማ ወረድኩ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ባቡር ነው የሄድነው። መኪና ያልያዝኩት የመሀል ከተማ ፓርኪንግ ስንት እንደሚያስከፍል ስለማውቅ ነው። ገንዘቡን የምቀበለው እኔ ነኝ።

ልጄ የመጣው ለእንግዳው ቡድን ኮከብ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ቡድኑንም አልጠራም። ልጁ የኮከቡን ማሊያ በወፍራም ጃኬቱ ላይ ደርቦ የቡታጋዝ ሲሊንደር መስሏል። ለሁለት ትኬት ያወጣሁትን ብር ለባለቤቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ይህን ካነበብሽ ደግሞ፣ አልነገርኩሽም እንጂ አልዋሸሁሽም።

ኮከቡ ነበረ? ነበረ። ተቀያሪዎች ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ፣ ክሬም ቀለም ያለው ሱፍ ለብሶ ተቀምጧል። ጓደኞቹ ሲያስቆጥሩ ብድግ ብሎ ያጨበጭባል። ብድግ ሲል ጉልበቱ ላይ ምንም አይታይም። ታሞ ይሆን ብዬ ከጎናችን የተቀመጠውን ሰውዬ ጠየቅኩት። «አይ፣ ትላንት ማታ ተጫውቷል፤ ዛሬ እያረፈ ነው» አለኝ።

እኔም ትላንት ማታ ሠርቻለሁ። ዛሬ ጠዋትም ሠርቻለሁ። ግን ማን ጠየቀኝ።

ያን ቀን ተናድጄ ነበር። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን አፈርኩ። የሚሮጥ ሰውማ በየመንገዱ አለ፤ አውቶቡስ ያመለጠው ሁሉ ይሮጣል። እየተከፈለው፣ አምሮበት፣ ሃያ ሺህ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ የሚያርፍ ሰው ግን በሕይወት ዘመን ስንቴ ይታያል? ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ወቀሳ አይደለም። ይቅርታ መጠየቂያ ነው።

ነገሩ ሎድ ማኔጅመንት ይባላል። የጭነት አስተዳደር ብንለው ያስኬዳል። ደህናውን ኮከብ ለዋናው ጊዜ እያሉ ማሳረፍ ነው። መደበኛው ውድድር ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ለአንድ ቡድን 82 ጨዋታ ነው፤ ዋንጫው ግን የሚለየው ከዚያ በኋላ፣ ፕሌይኦፍ በሚባለው ጥሎ ማለፍ ነው። ጭነት ሲባል እኔ የማውቀው ሁለት ነገር ነበር፤ አህያና አይሱዙ። ሁለቱም እስኪጎብጡ ይጫናሉ። አስተዳደሩም ለአንዱ ዱላ፣ ለአንዱ ናፍጣ ነው። ለካ ጭነት በሥርዓት ሲተዳደር ተሸካሚው ሱፍ ለብሶ ይቀመጣል።

ይህን ጥበብ የፈለሰፍነው እኛ ነን ብዬ ልከራከርም ቃጥቶኝ ነበር። አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ኖሮት የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ትገባለህ፣ ወንበሩ ላይ ኮት ተሰቅሏል። ባለ ኮቱስ? «አሁን እዚህ ነበሩ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው።» ኮቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሳያጓድል ይሠራል። የደረጃ ዕድገት ቢሰጠው አይበዛበትም። ግን አሜሪካኖቹ በለጡን። የኛ ቢሮ ኮቱ አለ፣ ሰውየው የለም። እዚህ ኮቱም አለ፣ ሰውየውም ኮቱ ውስጥ አለ። የጎደለው ሥራው ብቻ ነው።

እዚህ የተደረሰው በአንድ ጀንበር አይደለም። ትግል አለበት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ልቁጠር።) በማርች 2012 የሳን አንቶኒዮ አሰልጣኝ ግሬግ ፖፖቪች የ35 ዓመቱን ኮከባቸውን ቲም ደንከንን አሳረፉት። በጨዋታው መዝገብ ላይ ያልተሰለፈበት ምክንያት ምን ተብሎ ተጻፈ? «አርጅቷል።» በቃ፣ ይኸው ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ድፍረት የለም። ዛሬ የሚጻፈው «የግራ ጉልበት ጉዳት አስተዳደር» ነው። ጉልበትም አስተዳዳሪ ተሾመለት።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ፖፖቪች ደንከንን፣ ቶኒ ፓርከርን፣ ማኑ ጂኖቢሊንና ዳኒ ግሪንን ከማያሚ ጨዋታ በፊት አውሮፕላን አሳፍረው ወደ ቤታቸው ሸኙ። ጨዋታው በመላ አሜሪካ በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ነበር። ኮሚሽነሩ ዴቪድ ስተርን ተቆጥተው ቡድኑን 250,000 ዶላር ቀጡት። ዘመኑን የቀደመ ሰው መቀጣቱ መቼም አይቀርም። የቀሩት ልጆች እንኳ የተሸነፉት በአምስት ነጥብ ብቻ ነበር።

ታሪክ ግን ለፖፖቪች ፈረደ። ከሳቸው ቡድን የወጣው ካዋይ ሌናርድ በ2018-19 ቶሮንቶ ገባ። ከ82 ጨዋታ የተሰለፈው በ60ው ነው። ሃያ ሁለቱን ቁጭ አለ። ጁን ላይ ዋንጫውን አነሳ፣ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። ከዚያ ወዲህ የማያርፍ ኮከብ ሰነፍ መሰለ። (እውነቱን ለመናገር የካዋይ እግር የምር ታሞ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የተጫወተው ዘጠኝ ጨዋታ ብቻ ነው። ሌሎቹ የቀዱት ግን ሕመሙን ሳይሆን ዕረፍቱን ነው።)

የድሮዎቹን ምን ነክቷቸው እንደነበር አላውቅም። ጨዋታው 48 ደቂቃ ነው። ዊልት ቼምበርሌን በ1961-62 በአማካይ 48.5 ደቂቃ ተጫወተ። ትርፍ ሰዓት ሲጨመር እሱም አብሮ ይጨመራል። በዚያው ዓመት ማርች 2፣ ኸርሺ በምትባል የፔንሲልቬኒያ የቸኮሌት ከተማ፣ 4,124 ሰው እያየው ኒው ዮርክ ላይ 100 ነጥብ አስቆጠረ። መደበኛ ጨዋታ እኮ ነው! ዋንጫ የለው፣ ሜዳሊያ የለው። ዛሬ ቢሆን ገና በሦስተኛው ሩብ ፎጣ አልብሰው ያስቀምጡት ነበር። ተመልካቹም ቸኮሌቱን በልቶ በጊዜ ይገባ ነበር።

ማይክል ጆርዳን ደግሞ እዚሁ ዋሽንግተን፣ በ2002-03፣ አርባ ዓመቱን እየደፈነ 82ቱንም ጨዋታ ተሰለፈ። ቡድኑ ፕሌይኦፍ እንኳ አልገባም። ስድስት የሻምፒዮንነት ቀለበት ያለው ሰው፣ በአርባ ዓመቱ፣ ለማይረባ ነገር ሲሮጥ የሚመክረው ዘመድ አጣ።

«መደበኛው ውድድር ዋጋ የለውም» የሚሉ ሊቃውንት እኮ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ጎልደን ስቴት በ2015-16 73 አሸንፎ 9 ብቻ ተሸነፈ። የሺካጎን የ72 ድል ክብረ ወሰን ሰበረ። ከዚያስ? ፍጻሜው ላይ 3 ለ 1 እየመራ በክሊቭላንድ ተበላ። ማያሚ በ2022-23 44 አሸንፎ 38 ተሸነፈ። ከምሥራቁ ምድብ በስምንተኛነት ፕሌይኦፍ ሾልኮ ገብቶ የሊጉን አንደኛ ሚልዋኪን አባረረና ፍጻሜ ደረሰ። እና ምን ያለፋል? (ያንኑ ማያሚን ፍጻሜው ላይ 4 ለ 1 የመታው ዴንቨር ከምዕራቡ ምድብ አንደኛ የወጣ ቡድን መሆኑን ግን አታንሱባቸው። ወሬ ይበላሻል።)

እነዚህ ሊቃውንት ሠርግ ቤትም አውቃቸዋለሁ። ሽንኩርት ሲላጥ የሉም። ድንኳን ሲተከል የሉም። ክትፎው ሲወጣ ግን ከፊት ናቸው። «ቅቤው አነሰ» የሚሉትም እነሱ ናቸው።

አንዱ ወዳጄ ነው። በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ «ኤፕሪል ሲገባ ቀስቅሱኝ» ብሎ ይተኛል። ተኝቶ ግን ያወራል። ማን ስንተኛ እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር ሊለዋወጥ እንደሆነ፣ የየትኛው አሰልጣኝ ወንበር እንደሚነቃነቅ፣ ሁሉንም በእንቅልፍ ልቡ ያውቃል። ቡና ላይ ስድስት ወር ሙሉ ስለማያየው ውድድር ያስረዳናል። እኔ ማክሰኞ ማታ አንድ ጨዋታ አየሁ ብል ይስቅብኛል። «ምን ሊረባህ?» ይለኛል። ወዲያው ግን «ስንት ለስንት አለቀ?»

ሊጉ ይህን ሁሉ ሥልጣኔ ሊያደናቅፍ ሞክሯል። በሴፕቴምበር 2023 ደንብ አወጣ። አንድ ቡድን በአንድ ማታ ሁለት ጤነኛ ኮከብ ማሳረፍ አይችልም። የጣሰ መጀመሪያ 100,000 ዶላር፣ ሲደግም 250,000፣ ከዚያ በኋላ በየጊዜው አንድ ሚሊዮን እየተጨመረበት ይቀጣል። የዓመቱ ኮከብ ተብሎ ለመሸለም ደግሞ 65 ጨዋታ መሰለፍ ግድ ሆነ። ከ82 65። አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶ «የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ» መባል ይቻላል ማለት ነው። ይህን ደንብ አትሜ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ልተወው አስቤያለሁ።

ከደንቡ ውስጥ አንዷ ደግሞ ሳቄን አመጣችው። ጨዋታው እንዲቆጠርለት ተጫዋቹ በአብዛኛው ቢያንስ 20 ደቂቃ ሜዳ ላይ መቆየት አለበት። ጠዋት ፈርሞ የሚሰወረውን የሚያውቅ ሰው ኮሚቴው ውስጥ ሳይኖር አልቀረም።

በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሊጉ ራሱ ጥናት አወጣ። እንዲህ ማረፉ ጉዳት እንደሚቀንስ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ጥናቱን ያነበበው ተጫዋች ያለ አይመስለኝም። ማንበብም ጭነት ነው።

አንድ መድኃኒት ግን ተገኝቷል። በ2023 የመሀል ወቅት ዋንጫ የሚባል ነገር ተጀመረ፤ ፍጻሜው ዲሴምበር ላይ ላስ ቬጋስ ነበር። ለአሸናፊው ቡድን ተጫዋቾች ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር። የፍጻሜው ጨዋታ ከ82ቱ ውስጥ አይቆጠርም። ዋጋ የላቸውም ከሚባሉት ጨዋታዎች ሁሉ የባሰበት እሱ ነበር ማለት ነው። ሁሉም ግን ሮጠ! ሌብሮን ጄምስ 39 ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ተሰልፎ ሌከርስ ዋንጫውን ወሰደ። ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ለጉልበት ፍቱን ቅባት መሆኑን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። እናቴ ግን እስከ ዛሬ የምትቀባው ቪክስ ነው።

ቡድን በሙሉ የሚያርፍበትም አለ። ዳላስ በኤፕሪል 2023 ከሺካጎ ጋር ሲጫወት ዋና ዋናዎቹን አስቀምጦ፣ ለተሻለ የአዲስ ተጫዋች ዕጣ ሲል (ብዙ የተሸነፈ ዕጣው ይሻላል) መሸነፍ ፈልጓል ተብሎ 750,000 ዶላር ተቀጣ። የኛ ከተማ ዊዛርድስ በ2023-24 ከ82 ጨዋታ 15ቱን ብቻ ሲያሸንፍ ማንም አልቀጣውም። እነሱ የምራቸውን ነበር።

ከሁሉ የማደንቀው ገንዘቡን ነው። ከ2025-26 ጀምሮ ለ11 ዓመት የቴሌቪዥን መብቱ ወደ 76 ቢሊዮን ዶላር ተሽጧል። ከተሸጠው ውስጥ ብዙው ያው ዋጋ የለውም የተባለው ጨዋታ ነው። 30 ቡድን፣ 1,230 ጨዋታ። ዋጋ የሌለውን ነገር በዚህ ዋጋ የሸጠ ሰው መርካቶ አልተወለደም። ተወልዶም ከሆነ ወጥቶ አሜሪካ ገብቷል።

የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ሆኖ ነው የሚከታተለው። እዚህ በክረምት ማታ 7:30 የሚጀምር ጨዋታ እዚያ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። ደውል ሞልቶ፣ ቤተሰቡን ላለመቀስቀስ ድምፁን አጥፍቶ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ያያል። መብራት ካልሄደ። አንድ ቀን በዚያ ሌሊት ደወለልኝ። «ዛሬ የለም እኮ» አለኝ።

«ምን ሆኖ?»

«እንቅልፍ እንዲጠግብ አሳርፈውት ነው አሉ።» ትንሽ ዝም አለ። «እሱ እንዲተኛ እኔ ነቃሁለት።»

እንዲህ ያለ መሥዋዕትነት ነው ኮከብን ኮከብ የሚያደርገው።

እኔም በበኩሌ ተሻሽያለሁ። የተጎጂዎችን ዝርዝር ማንበብ ተምሬያለሁ። ሊጉ በየዕለቱ ያወጣዋል። ቋንቋው እንዲህ ነው፤ «ሳይሰለፍ አይቀርም»፣ «ያጠራጥራል»፣ «ይሰለፋል ማለት ይከብዳል»፣ «የለም»። ለሌላው ሰው አዲስ ሊሆን ይችላል። እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ቀጥሬ አውቃለሁ፤ አልከበደኝም። ባለፈው የዕድር ስብሰባ ትመጣለህ ወይ ብለው ሲደውሉልኝም «ያጠራጥራል፤ የቀኝ ጉልበት ነው» አልኳቸው። አምሳ ዶላር ቀጡኝ። ዴቪድ ስተርን ትዝ አሉኝ።

ኦገስት ላይ የአዲሱ ዓመት መርሐ ግብር ሲወጣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ አልኩ። የልጄ ኮከብ ማርች ላይ ይመጣል። ከጨዋታው በፊት ያለው ቀን ባዶ ነው። በኋላ ያለውም ቀን ባዶ ነው። በረራውም አጭር ነው። ለማረፍ ምንም ሰበብ የለም ብዬ ሁለት ትኬት ቆረጥኩ። ይህንንም ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

ለልጄ ግን ነገርኩት። በጣም ደስ አለው። አሰብ አደረገና፣ «አባዬ፣ የዘንድሮው ሱፍ ምን ዓይነት ቀለም ይሆን?» አለኝ።

እኔ ሰማያዊ አልኩ። እሱ ግራጫ።