ዓሣን ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት «ማስተኛት» አይደለም

የማይድን ወርቃማ ዓሣ ከነውኃው ፍሪዘር ውስጥ ቢቀመጥ እንቅልፍ ወስዶት ሳይሰቃይ ይሞታል እያሉ ብዙዎች ሲመክሩ አያለሁ። ምክሩ ከርኅራኄ የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም።

ወርቃማ ዓሣ ብርድ የሚችል ፍጥረት ነው። ውኃው እስኪቀዘቅዝ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ዓሣው ዝም ማለቱም ሰውነቱ መቀዝቀዙን እንጂ ስሜቱ መጥፋቱን አያሳይም። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ በማደንዘዣ ያልደነዘዘ ዓሣን ቀስ በቀስ ማቀዝቀዝን አይቀበልም። መመሪያው በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል፤ ስለ ዓሣ የሚናገረውን ክፍል አንብቦ ማረጋገጥ ይቻላል።

የሚሻለው የእንስሳት ሐኪም ማማከር ነው። ሐኪም ካልተገኘ ዓሣውን የሚያደነዝዝ የቅርንፉድ ዘይት አለ። ዘይቱ ከውኃ ጋር በቀላሉ ስለማይዋሐድ፣ ለብ ባለ ውኃ በትንሽ ጠርሙስ ነጭ እስኪሆን በደንብ ይናጣል። ከዚያም ዓሣው ከለመደው ውኃ ተቀድቶ በሌላ ዕቃ ይደረግና ዓሣው እዚያ ይገባል፤ በመጀመሪያ ከተናጠው ጥቂት ጠብታ፣ ዓሣው ተጋድሞ መንቀሳቀስ ሲያቆም ደግሞ ለአንድ ሊትር 0.4 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት እንዲደርሰው ይጨመራል። አደራ የምለው፣ የስንጥቡ (የሚተነፍስበት አካል) ክዳን መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላም ቢያንስ 30 ደቂቃ እዚያው ይቆይ፤ ቀድሞ የወጣ ዓሣ ሊነቃ ይችላል።