ምን ነካት?

ባለፈው ዓመት፣ ዋሽንግተን እያለሁ፣ አንዲት ላይፍ ኮች (የሕይወት አማካሪ በሉት) ዘንድ ሄድኩ። እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነበር። በሰዓት 150 ዶላር። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «የምትነግረኝ ነገር ሰውነትህ ላይ የት ጋ ይሰማሃል?» ብላ ነው። ሳቄ መጣ። ሆዴ ባባ፣ አንጀቴ ተቃጠለ ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው ይሄም ጥያቄ በዶላር?

ግን ጠቅሞኛል፣ አልዋሽም። እግሬን መሬት አስረግጣ ቀስ ብዬ እንድተነፍስ አደረገችኝ። አየር የማስወጣበት ጊዜ ሲረዝም የልብ ምት ረገብ ይላል። የባሰውን ስነግራት ደግሞ «ይሄ ከእኔ በላይ ነው» ብላ ወደ ቴራፒስት፣ ወደ ሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያ፣ መራችኝ። ጨዋ ናት። እዚያ ቴራፒስት ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ኮች ለመባል ግን ቢዝነስ ካርድ ማሳተም ይበቃል።

ዘንድሮ ጅማ ስገባ ሰፈራችን ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳን፣ የዕድር ወንበር፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተሰብስቧል። ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ደረቷን ስትመታ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋታል። ስትወዛወዝ አብረዋት ይወዛወዛሉ። ፒተር ሌቪን የሚባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ አውሬ ከሞት ሲያመልጥ ተንቀጥቅጦ ድንጋጤውን ያራግፋል፣ ሰው ግን ውስጡ ያስቀረዋል ይላል። ሐሳቡ ገና ብዙ ጥናት ይፈልጋል። እነዚያን ሴቶች ሳይ ግን ትዝ አለኝ። ሰልስት እስኪወጣ ብቻዋን አላደረችም።

ልኮራ ስል የሌላዋን ጎረቤት ልጅ አየሁ። ከዓረብ አገር ተመልሳለች። በር ሲንኳኳ ትበረግጋለች፤ ሌሊት መብራት አታጠፋም። ለእሷ ድንኳን የለም፣ ሰው አልሞተባትማ! ፊት ለፊቷ «ምን ይዘሽ መጣሽ?»፣ ከኋላዋ «ምን ነካት?»።

ኮቿ የተማረችው የትራውማ (ክፉ ነገር ደርሶ የሚተወው የውስጥ ቁስል) ትምህርት አንድ ጥያቄ ይቀይራል፤ «ምን ችግር አለብህ?» የሚለው ቀርቶ «ምን ደረሰብህ?»። እኛ እኮ «ምን ሆንሽ?» የሚል ቃል ነበረን። ለታመመ ሕፃን እንጠቀምበታለን፤ ለእሷ ግን ጠፋብን። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ባለሙያም ያሠለጥናል። ከሰፈራችን በባጃጅ ይደረሳል። እናቷ ግን «እብድ ናት ካሉ ማን ያገባታል?» አሉኝ። ጠበሉን ሞክረዋል።

እኔም ብሆን አልጠየቅኳትም። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ እሷው ዞር ብላ፣

«ጋሼ፣ እዚያ እንቅልፍ ይወስድሃል?» አለችኝ።

«አሁን ይሻለኛል።»

«ምን አድርገህ?»

«የአእምሮ ሕክምና ሄጄ» አልኳት፣ እናቷ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ቀና ብለው አዩኝና ስኒዬን ተቀበሉኝ።