የቀበቶ ጩኸት ለማፈን ብረት የምትሰኩ ወገኖች ሆይ

«መኪናው እየጮኸ አስቸገረኝ» ብላችሁ የቀበቶ ምላስ የሚመስል ብረት ገዝታችሁ መቆለፊያው ውስጥ የምትሰኩ፣ ኤርባግ አለኝ ብላችሁም ቀበቶን የምትንቁ ወገኖቼ፣ ስሙ።

ኤርባግ የተሠራው ለታሰረ ሰው ነው። ሴንሰሩ ግጭቱን ካወቀ በኋላ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ ባለ ጊዜ፣ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይነፋል፤ ወዲያው በጀርባው ቀዳዳዎች ጋዙን እያስወጣ ይረግባል። ሰው ሊያርፍበት የሚገባው ተነፍቶ ሲያልቅ ነው። ያልታሰረ ሰው ግን ገና ፍሬን ሲያዝ ከወንበሩ ተንሸራቶ መሪው ላይ ይደርሳል፤ የሚፈነዳውን ከረጢት በደረቱና በአንገቱ ይቀበላል። ታስራችሁም ቢሆን ከደረታችሁ እስከ መሪው መሃል 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይኑር።

ያ ብረት ደግሞ ኤርባጉን የሚያዘውን የመኪናውን ኮምፒውተር ያሳስታል። በብዙ መኪኖች ሾፌሩ መታሰሩ የሚታወቀው ከመቆለፊያው ነው፤ ታስሯል ብሎ ካመነ ኤርባጉን ለማፈንዳት ጠንከር ያለ ግጭት ይጠብቃል። ሳትታሰሩ፣ ኤርባጉም ሳይፈነዳላችሁ ልትቀሩ ትችላላችሁ።

ጋራዥ ያላችሁም አድምጡ። በፈነዳ ኤርባግ ፋንታ 2 ኦም ገደማ ሬዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የምትገታ ትንሽ ዕቃ፣ በይዳችሁ የኤርባጉን ማስጠንቀቂያ መብራት የምታጠፉ፣ የምትሸጡት የሰው ነፍስ ነው። ኮምፒውተሩ የሚለካው የኤርባጉን መስመር ሬዚስታንስ (ፍሰቱን የመግታት መጠን) ስለሆነ ሁሉም ደህና ይመስለዋል፤ ገዢው ግን ባዶ ክዳን ፊት ተቀምጦ ቤተሰቡን ይጭናል።

ገዢዎች፣ ቁልፉን ስትከፍቱ የኤርባጉ ምልክት ለጥቂት ሰከንድ፣ በቶዮታ 6 ያህል፣ በርቶ መጥፋት አለበት። ጨርሶ ካልበራ አምፖሉን ያወጣ ሰው ሊኖር ይችላል። በርቶ ከቀረ ሲስተሙ ጉድለት አግኝቷል፤ መሪው ውስጥ ያለው ጥቅል ገመድ ተበጥሶ ከሆነ ጥሩምባውም አብሮ ዝም ሊል ይችላል። ሬዚስተር የተበየደበት ግን እንደ ጤነኛ ስለሚበራና ስለሚጠፋ ሳይፈታ አይታወቅም። የሚፈታውም ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅሎ ቢያንስ 90 ሰከንድ ከጠበቀ በኋላ ይሁን፤ ኤርባጉን የሚያፈነዳው ኃይል ባትሪው ከተነቀለም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል።

ቀበቶውንም እስከ መጨረሻው ሳቡት። በግጭት ጊዜ ውስጡ ያለች ጥቂት ባሩድ ተተኩሳ ቀበቶውን ታጠብቀዋለች፤ ይህ አንዴ ብቻ የሚሠራ ነው። ክሩ የተላጠ ወይም ተቆልፎ የቀረ ቀበቶ ያለው መኪና ከግጭት የወጣ ሊሆን ይችላልና ሳይቀየር አትግዙ።

ጋቢና ልጅ ታቅፋችሁ የምትሄዱ እናቶችና አባቶች፣ እባካችሁ ተዉ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ አንድ አሥረኛ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ከእጃችሁ የሚወጣው በ140 ኪሎ ጉልበት ነው። ማንም ክንድ ይህን አይዝም። ልጁን ከኋላ፣ በልኩ በተሠራ የሕፃን ወንበር እሰሩት፤ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሕፃን ወንበር የሚሠራ ኤርባግ ባለበት ጋቢና ፈጽሞ አይቀመጥ።